ሥዕሉን አይተሽ አትዝጊው፦ ስለ ሞብ ሳይኮ 100

ጥያቄው፦ «ዲመን ስሌየርና ጁጁትሱ ካይሰን የሚባሉትን የጃፓን ታሪኮች ጨርሻለሁ። አሁን መንፈስና ፍልሚያ ያለበት፣ ግን ያለቀ፣ መቶ ምናምን ክፍል የማይፈጅ ነገር እየፈለግኩ ነው። ጓደኛዬ ሞብ ሳይኮ 100ን እዪ አለችኝ። ማንጋውን (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፉን) ከፈትኩት። ሥዕሉ የስድስተኛ ክፍል ልጅ የሳለው ይመስላል። ዘጋሁት። አኒሜው (በአኒሜሽን የተሠራው) ግን ሌላ ነው ይላሉ። እውነት ነው? ከየትኛው ልጀምር? የ13 ዓመት ወንድሜ አብሮኝ ያያል። እናታችን ደግሞ መንፈስ የሚባል ነገር ስትሰማ ደስ አይላትም።»

መልሱን አላቆይሽም። አዎ፣ እዪው። ከአኒሜው ጀምሪ፤ ማንጋውን በኋላ ትደርሽበታለሽ። እንጀራዬ አኒሜሽን ስለሆነ ሥዕሉ ላይ ስደርስ ትንሽ መርዘሜ አይቀርም። የጥያቄሽ ዋናው ጉዳይም እሱ ነው።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እንጨርስ። ያለቀ ነው? አልቋል። ማንጋው እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2017 ወጥቶ በ16 ቅጽ ተዘግቷል። አኒሜው በ2016 ዓ.ም. 12 ክፍል፣ በ2019 ዓ.ም. 13 ክፍል፣ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ 12 ክፍል ሆኖ ወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በድምሩ 37። አንዱ ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሙሉውን ለማየት 15 ሰዓት እንኳ አይፈጅብሽም። ታሪኩንም እስከ መጨረሻው ገጽ ይዞት ይሄዳል። ብዙ አኒሜዎች መሐል ላይ «ቀሪውን ከማንጋው አንብቡ» ብለው ጥለውሽ ይጠፋሉ። ይሄ አይጠፋም።

አሁን ወደ ታሪኩ። ሺጌኦ ካጌያማ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ሁሉም የሚጠራው ሞብ እያለ ነው። ጎድጓዳ ሳህን ደፍተው የቆረጡት የሚመስል ፀጉር አለው። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ክፍል ውስጥ ይኑር አይኑር ማንም ልብ አይለውም። ግን ማንኪያ ሳይነካ ያጣምማል፣ ሕንፃ ሳይነካ ያነሳል፣ ትልልቅ ክፉ መናፍስትን እጁን ዘርግቶ ብቻ ያጠፋል። ይሄን የሚማረው ሃምሳኛው ክፍል ላይ አይደለም። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይችላል።

ችግሩ ለኃይሉ ደንታ የለውም። እሱ የሚፈልገው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወዳት ትሱቦሚ እንድታየው ነው። እሷ ደግሞ ማንኪያ ማጣመሙ ድሮውኑ ሰልችቷታል። ታዲያ ልጁ ምን ያደርጋል? ጡንቻ ለማውጣት የሰውነት ግንባታ ክለብ ይገባል። ትንሽ ሮጦ ይወድቃል። ተነስቶ እንደገና ይሮጣል። የክለቡ አባላት ደረታቸው ግድግዳ የሚያክል ጎረምሶች ናቸው። ሌላ ታሪክ ውስጥ ቢሆኑ ደካማውን ልጅ የሚያሠቃዩት እነሱ ነበሩ። እዚህ ግን ሲወድቅ ተሸክመውት ይመለሳሉ። በሙሉ ታሪኩ ውስጥ ከምወዳቸው ገጸ ባሕርያት መካከል ናቸው።

እስካሁን ካየሻቸው የሚለየው እዚህ ጋ ነው። በዚህ ዘርፍ የለመድነው ጀግናው ደካማ ሆኖ ይጀምራል፣ ይሠለጥናል፣ አዲስ ስልት ያገኛል፣ ከበፊቱ የከበደ ጠላት ይገጥማል። ደስታችንም ያለው ኃይሉ ሲጨምር ማየቱ ላይ ነው። ክፉ ነገር አይደለም፣ እኔም በደንብ ይመቸኛል። እዚህ ግን «ያሸንፋል ወይ?» ብለሽ አትጨነቂም፣ ማሸነፉን ታውቂያለሽ። የምትጨነቂው «ራሱን ይቆጣጠራል ወይ?» ብለሽ ነው። ሞብ በሰው ላይ ኃይሉን ላለመጠቀም ለራሱ ቃል ገብቷል። ስለዚህ እየተደበደበ የሚቆምባቸው ፍልሚያዎች አሉ። ደብዳቢው «ተጠቀምበት እንጂ!» እያለ ሲጮህበት እሱ ዝም ይላል። አንቺ ወንበርሽ ላይ ትቁነጠነጫለሽ።

ስሜቱንም አፍኖ ነው የሚኖረው። ካልያዘው ምን እንደሚሆን ስለሚያውቅ ነው። ታፍኖ የቆየው ስሜት ግን ይጠራቀማል፣ ይሄንንም ስክሪኑ ላይ በመቶኛ ያሳዩሻል። 40 በመቶ፣ 63 በመቶ፣ 88 በመቶ። መቶ ሲሞላ ይፈነዳል። የሚፈነዳው ቁጣ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሐዘንም፣ ምስጋናም ሊሆን ይችላል። ጁጁትሱ ካይሰን ላይ እርግማኖቹ ከሰው መጥፎ ስሜት እንደሚወለዱ ታስታውሻለሽ። ሞብ ሳይኮ ያንኑ ሐሳብ ከሌላ በኩል ይይዘዋል። እዚያ ስሜት ጭራቅ ሆኖ ውጭ ይዞራል። እዚህ አንድ ልጅ ውስጥ ታስሮ ይቆጠራል።

በነገራችን ላይ ጁጁትሱ ካይሰንን ለአኒሜ የጻፈው ሂሮሺ ሴኮ ነው፣ የሞብ ሳይኮ አኒሜም የእሱ ድርሰት ሥራ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ንግግሩ ቶሎ ቤተኛ ቢያደርግሽ አይግረምሽ።

ሬይገንን ሳላነሳ ብቀር ደግሞ ኃጢአት ነው። አራታካ ሬይገን የሞብ አለቃ ነው። ከተማ ውስጥ ትንሽ ቢሮ ተከራይቶ «መንፈስ አወጣለሁ» እያለ ደንበኛ ይቀበላል። የመንፈስ ኃይል ቅንጣት ታህል የለውም። ሙሉ በሙሉ አጭበርባሪ ነው። ትከሻዬን ከበደኝ፣ መንፈስ ተጭኖብኝ ይሆናል ብሎ ለመጣ ሰው ጥሩ ማሸት ያሸዋል፣ ደንበኛውም ቀሎት ይሄዳል። ፎቶዬ ላይ መንፈስ ገባ ላለው ፎቶውን በኮምፒውተር አስተካክሎ ይመልስለታል። እውነተኛ መንፈስ ሲመጣ የጠረጴዛ ጨው ይበትንበታል። ጨው አልሠራ ሲል ሞብን ይጠራል። ለሞብ የሚከፍለው በሰዓት 300 የን ነው። በዚያን ጊዜ የጃፓን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በአማካይ ከ700 የን በላይ ነበር። ብዝበዛውን አስቢው!

ሰውዬውን ግን መጥላት አይቻልም። ሞብ ልጅ እያለ «ይሄ ኃይል ያስፈራኛል፣ ምን ላድርግ?» ብሎ የሄደው እሱ ጋ ነው። ሬይገን ስለ ነገሩ ምንም አያውቅም። የሰጠው ምክር ግን ትክክለኛ ምክር ነበር። ኃይል ስላለህ ከሌላው ሰው አትበልጥም፤ አንዱ ፈጣን ሯጭ ነው፣ አንዱ ትምህርት ይገባዋል፣ አንተ ደግሞ ይሄ አለህ፤ ቢላ በሰው ላይ እንደማይሰበቅ ሁሉ ይሄንንም በሰው ላይ አታዙር። የሚዋሽ ሰው እውነት አስተማረው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ነው ታሪኩን አቁሞ የያዘው። ፍልሚያው ሁሉ ቢቀር እንኳ ለእነሱ ብዬ አየው ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥዕሉ እንምጣ።

የማንጋው ደራሲ ዋን በሚል የብዕር ስም ነው የሚታወቀው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዋን ፐንች ማን የተባለውን ማንጋ በኢንተርኔት ላይ በነጻ መሳል የጀመረው እሱ ነው። መስመሩ ጠማማ፣ እጁ ያልሠለጠነ ነበር። ሰው ግን ጎረፈለት። ዩሱኬ ሙራታ የተባለ በጣም የተካነ ሠዓሊ ታሪኩን ወስዶ በ2012 እንደገና መሳል ጀመረ። ዓለም የሚያውቀው ዋን ፐንች ማን ያኛው ነው። ዋን ደግሞ በዚያው ዓመት ኡራ ሰንደይ በተባለው የሾጋኩካን ድረ ገጽ ላይ ሞብ ሳይኮን ጀመረ። ይሄኛውን ማንም አልሳለለትም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ ነው። አንቺ ከፍተሽ የዘጋሽው እሱን ነው።

«ዋን ሥዕል አይችልም፣ ታሪክ ግን ይችላል» የሚል አባባል በየቦታው ትሰሚያለሽ። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። የሰው አካል መሳል ላይ ደካማ ነው፤ ጣቶቹን ተያቸው፣ ትከሻዎቹም ቦታቸው ላይ አይደሉም። ነገር ግን ማንጋ ማለት አካል በትክክል መሳል ብቻ አይደለም። አንድ ገጽ ላይ ስንት ክፈፍ ይኑር፣ የቱ ይስፋ፣ የቱ ባዶ ይቅር፣ ዓይንሽ መቼ ይቁም የሚለው ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዋን እዚያ ላይ ጎበዝ ነው። አንድ ቀልድ ሲነግርሽ የሞብ ፊት በሁለት ነጥብና በአንድ አጭር መስመር ብቻ ተሠርቶ ታገኚዋለሽ። ያ ፊት ዝርዝር ቢጨመርበት ቀልዱ ይሞታል። ያው ፊት ከአራት ገጽ በኋላ ሲሰበር ደግሞ ትደነግጫለሽ፣ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ባዶ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2017 የሾጋኩካንን የማንጋ ሽልማት በታዳጊ ወንዶች ዘርፍ ሲያሸንፍም የተሸለመው በዚሁ በጠማማው መስመር ነው።

አኒሜው ላይ ሲመጣ ይሄ «ድክመት» ወደ ሀብት ተለወጠ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። የአኒሜ ቪዲዮ በሰከንድ 24 ክፈፍ አለው። የቴሌቪዥን አኒሜ ግን 24 ሥዕል አይስልም፣ አቅምም ጊዜም የለም። አንዱን ሥዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ክፈፍ ያቆየዋል። ስለዚህ ለአንድ ሰከንድ እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሥዕል ይሳላል። እነዚህ ሥዕሎች በእያንዳንዳቸው ላይ የገጸ ባሕርዩ መስመር በሙሉ እንደገና ይሰመራል። ዲመን ስሌየር ላይ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የታንጂሮን ዳማ ልብስ አስቢው። ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እያንዳንዷ ካሬ አብራ ማዘንበል አለባት። አኒሜውን የሠራው ኡፎቴብል ስቱዲዮ በዲጂታል ብልሃቱ በሚያምር መንገድ ተወጥቶታል፣ ግን ዋጋ አለው። ሞብ ላይ ምን አለ? ጥቁር የትምህርት ቤት ልብስ፣ ጥቁር ፀጉር፣ ሁለት ዓይን። አኒሜተሩ ጉልበቱን ልብስ ሲቆጥር አይጨርስም። ሙሉውን እንቅስቃሴ ላይ ያፈሰዋል።

የሞብ ሳይኮን አኒሜ የሠሩት የቦንስ ስቱዲዮ ሰዎች ይሄ ገብቷቸዋል። ዳይሬክተሩ ዩዙሩ ታቺካዋና ገጸ ባሕርያቱን ለአኒሜ የነደፈው ዮሺሚቺ ካሜዳ ሥዕሉን «ለማሳመር» አልሞከሩም። ካሜዳ ከባድ ፍልሚያ በመሳል የታወቀ አኒሜተር ነው፤ ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ በተባለው አኒሜ ላይ ሠርቷል። ቢፈልግ ሞብን መልከ መልካም ማድረግ አያቅተውም ነበር። አላደረገውም። የዋንን ጠማማ መስመር ጠብቆ እንዲንቀሳቀስ አደረገው። ፍልሚያ ሲጋጋል መስመሩ ይወፍራል፣ ይቀደዳል፣ የእርሳሱ ጭረት ራሱ ይታያል። አንዱን ትዕይንት የሳለው እጅ ከሚቀጥለው የተለየ መሆኑ በዓይን ይለያል። ሌሎች ስቱዲዮዎች ይሄን ልዩነት አስተካክለው ይደብቁታል። እነዚህ ሆን ብለው ተዉት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሙያው ሰው ጣፋጭ ስለሆነ። በመጀመሪያው ሲዝን ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ምስሉ ድንገት እንደ ቀለም ቅብ ሲፈስ ታያለሽ። ሚዮ ሳቶ የተባለች አርቲስት በመስታወት ላይ በቀለም የሠራችው ነው። መስታወቱ ላይ ትስላለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ቀለሙ ሳይደርቅ በጣቷ ወይም በብሩሽ ትገፋዋለች፣ እንደገና ታነሳለች። እያንዳንዱ ሥዕል የሚቀጥለው ሲመጣ ይጠፋል፤ ተመልሶ የሚታረም ነገር የለም። በዚህ ዘመን በሳምንታዊ የቴሌቪዥን ሥራ ላይ ይሄን መክተት እብደት ነው፣ ደግሞም ሠርቷል። ሙዚቃው የኬንጂ ካዋይ ነው፤ ጎስት ኢን ዘ ሼል የተባለውን የ1995 ፊልም ሙዚቃ የሠራው ሰውዬ። መክፈቻውንም አትዝለይው።

አካሄዱ እንዲህ ይሁንልሽ። የመጀመሪያው ክፍል ቀልድ ይበዛበታል። አንቺ ከጁጁትሱ ካይሰን ስለመጣሽ «ፍልሚያው የታለ?» ማለትሽ አይቀርም። አራተኛውና አምስተኛው ክፍል ላይ ቴሩኪ ሃናዛዋ የሚባል ልጅ ይመጣል። እሱም ኃይል አለው፣ ኃይሉንም ይወደዋል፣ ያለ ኃይሉ ማንም እንዳልሆነ ግን ልቡ ያውቃል። አምስተኛውን ክፍል ጨርሰሽ ካልገባሽ፣ በቃ ያንቺ ዓይነት አይደለም፣ ተይው። ከገባሽ ቀሪውን ሲዝን በአንድ ቅዳሜ ትጨርሽዋለሽ። የሞብ ታናሽ ወንድም ሪትሱ ወደ ፊት የሚመጣውም ከዚያ በኋላ ነው። ሪትሱ ጎበዝ ተማሪ፣ ቆንጆ፣ የተወደደ ነው። ኃይል የለውም። ወንድሙን ይወደዋል፣ ይቀናበታል፣ ይፈራዋል። ሦስቱንም አንድ ላይ። ወንድምሽ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ሲያየው ፊቱን ሰረቅ አድርገሽ እዪው።

ሁለተኛው ሲዝን ለእኔ በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ከምርጦቹ አንዱ ነው። ሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ማንንም ያልነካ የሙታን ቤተሰብ አለ፤ ሞብና ሬይገን እንዲያጠፏቸው ተቀጥረው ሄደዋል። ሞብ እዚያ ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ምን አድርገው ነው? ወዲያው ቀጥሎ የሞጋሚ ታሪክ ይመጣል፣ እስከ አምስተኛው ክፍል። ብዙ አልነግርሽም። ሞጋሚ በሕይወት ሳለ ዝነኛ መንፈስ አውጪ ነበር፣ አሁን ክፉ መንፈስ ሆኗል፣ ሞብንም ኃይል የሌለው ሆኖ በሚኖርበት በአንድ የአእምሮ ዓለም ውስጥ ይዘጋበታል። እዚያ ያለው ክፋት የጭራቅ ክፋት አይደለም። ትምህርት ቤት ውስጥ የምናውቀው ዓይነት ነው። አምስተኛው ክፍል ላይ የሚፈነዳው ፍልሚያ ደግሞ ቆም እያደረግኩ ለተማሪ የማሳየው ነው። የካሜራው እንቅስቃሴ እንዳለ በእጅ የተሳለባቸው ቦታዎች አሉ፤ ጀርባው፣ ፍርስራሹ፣ ሁሉም አብሮ ይዞራል።

ከዚያ ስድስትና ሰባት ላይ ነገሩ ፊቱን ይቀይራል። ሞብ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃውን እምቢ ይላል። ሬይገን ብቻውን ይቀራል፣ ብቻውን ዝነኛ ይሆናል፣ ብቻውን ይዋረዳል። የሰባተኛው ክፍል ጫፍ ጋዜጣዊ መግለጫ ነው። ማይክሮፎን፣ የካሜራ ብልጭታ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው። በቃ። ያም ሆኖ በሲዝኑ ውስጥ ካሉት ፍልሚያዎች ከብዙዎቹ የበለጠ ልብ ይሰቅላል። ከስምንት እስከ አሥራ ሦስት ደግሞ የለመድሽው ነው፦ ድርጅት፣ መሪ፣ ከተማ የሚያፈርስ ውጊያ። ያምራል። ከሞጋሚና ከጋዜጣዊ መግለጫው ግን አይበልጥም።

ሦስተኛው ሲዝን በዝግታ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ሰው እዚያ ላይ ያጉረመርማል። አታጉረምርሚ። ስድስተኛው ክፍል ላይ መሀረብ ይዘሽ ተቀመጪ። ሰባትና ስምንት ደግሞ በራሪ ሰሃን ፍለጋ ተራራ የሚወጡ ልጆች ታሪክ ነው፣ ጭራሽ ጠላት የለውም። እኔ በጣም የምወደው ነው። የመጨረሻዎቹ አራት ክፍሎች እስከዛሬ ሲቆጠር የኖረው መቶኛ ምን እንደሆነ ይዘጉታል።

ስለ ወንድምሽ። ጁጁትሱ ካይሰንን አብሮሽ አይቶ ከሆነ ደሙ ችግር አይሆንበትም፤ እዚህ በጣም ያነሰ ነው። ከእናት ጋር ቁጭ ብሎ ለማየት የሚያሳፍር የፍቅር ትዕይንትም የለውም። ሊከብደው የሚችለው የሞጋሚ ክፍሎች ናቸው። የተማሪ በተማሪ ላይ ጭካኔ አለ፤ ሞጋሚ ራሱን እንዳጠፋም ይነገራል። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስቸግሩት ልጆች ካሉ እነዚያን ክፍሎች ብቻውን አይያቸው። ምናልባትም ወሬ ይከፍትላችኋል።

ስለ እናትሽ። ከእናትሽ ጋር ክርክር ውስጥ አታስገቢኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ይሄ ታሪክ ገንዘብ እየተቀበለ መንፈስ አወጣለሁ በሚል አጭበርባሪ ላይ ሲስቅ ነው የሚውለው። አንድ ክፍል ላይ ጭምብል አጥልቀው በግድ ሳቁ የሚሉ ሰዎች ያቋቋሙት የሐሰት እምነት አለ፤ ሞብ ያፈርሰዋል። ወደ መናፍስት ጥሪ፣ ወደ ጥንቆላ የሚጋብዝ ነገር የለበትም። እናትሽ አንድ የሬይገንን ክፍል ብታይ ከሁላችሁም በላይ የምትስቀው እሷ ልትሆን ትችላለች፣ የእንዲህ ዓይነቱን ሰው ሥራ እናቶች ቶሎ ነው የሚለዩት።

ድምፁን በተመለከተ፣ በጃፓንኛው ከሰብታይትል ጋር እዪው። የሞብ ድምፅ ሴትሱኦ ኢቶ ነው። ዝግ ያለ፣ የተስተካከለ፣ ምንም የማይሰማው የሚመስል ድምፅ። ሲሰበር የሚሰማሽ እስከዚያ ስላልተሰበረ ነው። በእንግሊዝኛ የተቀዳውም መጥፎ አይደለም፤ ወንድምሽ ማንበብ ከሰለቸው ይጠቀምበት። ግን ሦስተኛው ሲዝን ላይ የሞብ እንግሊዝኛ ድምፅ ይቀየራል። የቀድሞው ተዋናይ ካይል ማካርሊ አኒሜውን በእንግሊዝኛ ካቀረበው ከክራንቺሮል ኩባንያ ጋር በሠራተኛ ማኅበር ውል ጉዳይ ስላልተስማማ አልተመለሰም። ሁለት ሲዝን ሙሉ የለመድሽው ልጅ መጨረሻው ላይ በሌላ ሰው ድምፅ ሲያወራ ደስ አይልም።

ዙሪያውን ከሚያጋጥሙሽ ነገሮች ውስጥ በ2018 በእውነተኛ ተዋንያን የተሠራውን ድራማ ዝለይው። በዚያው ዓመት በሬይገን በኩል የተተረከ አንድ ልዩ ክፍልም አለ፤ የመጀመሪያው ሲዝን ማጠቃለያ ስለሆነ አዲስ ነገር የለውም። በ2019 የወጣችው የፍል ውኃ ጉዞ ክፍል ግን ደስ ትላለች፤ ከሁለተኛው ሲዝን በኋላ እያት።

ሁሉንም ከጨረስሽ በኋላ ማንጋውን ክፈቺ። ከመሐል ሳይሆን ከመጀመሪያው። በእንግሊዝኛ ዳርክ ሆርስ ከ2018 ጀምሮ አሳትሞታል። የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፣ ይሄን ከጁጁትሱ ታውቂዋለሽ። አሁን ድምፆቹ ጭንቅላትሽ ውስጥ ስላሉ ጠማማዎቹ ፊቶች ራሳቸው ያወራሉ። አኒሜው የቆረጣቸው ትንንሽ ቀልዶችም ይገኛሉ። የዋንንም እጅ ከቅጽ ወደ ቅጽ ሲያድግ ታያለሽ። መጀመሪያ ላይ ሕንፃ ለመሳል የሚቸገረው ሰው የመጨረሻዎቹ ቅጾች ላይ ከተማ ሙሉ ሲያፈርስ ፍርስራሹ የት እንደሚወድቅ ያውቃል። የመጨረሻውን ውጊያ በተለይ ከአኒሜው ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እዪው። አኒሜው በእንቅስቃሴ የሚናገረውን ማንጋው በባዶ ገጽ ይናገረዋል። የቱ እንደሚበልጥ እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ እስካሁን አልተስማማንም፤ እኔ ለማንጋው አደላለሁ።

ከዚያ ሬይገን ከናፈቀሽ ዋን ራሱ ስለ እሱ ብቻ የጻፈው አንድ ቅጽ አለ፣ ስሙም ሬይገን ነው። ረዘም ያለ ነገር ከፈለግሽ ደግሞ ወደ ኋላ ሂጂና ዩዩ ሃኩሾን ጀምሪ። የዮሺሂሮ ቶጋሺ ማንጋ ነው፣ 19 ቅጽ፤ አኒሜው 112 ክፍል ስለሆነ ግን «መቶ ምናምን አልፈልግም» ካልሽው ይበልጣል። የዘጠናዎቹ ሥዕል ነው። ወንድምሽ መጀመሪያ ላይ «ያረጀ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ የጨለማው ውድድር የሚባለው ክፍል ሲጀምር ተመልሶ ይመጣል።